የነቀዝ ኪኒንና የመገበሪያ ስንዴ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ስንዴዬ ላይ ኪኒን አደርግበታለሁ። የነቀዝ ኪኒን። ባለቤቴ ጥሩሰው ካረፈች ወዲህ በየዓመቱ አድርጌበታለሁ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም።

ይኸው ጻፍሁት።  ያስጻፈኝ ጾሙ ይሆናል።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ እኚሁ የነፍስ አባቴ አባ ጥዑም ጠሩኝ። ፍልሰታ ነውና ቅዳሴው በየቀኑ ነው፤ ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነው ስንዴ፣ መገበሪያው ማለት ነው፣ እስከ እሑድ ብቻ የሚያደርስ ቀርቷል። «ዘለቀ፣ እንደ ወትሮው ካንተ ቤት ይምጣ» አሉኝ። «እሺ አባቴ» አልሁ። እሺ ማለት ለምዶብኛል።

ቤት ስገባ ደግሞ ስልክ ጮኸ። ከንፋስ መውጫ ከተማ እትዬ የሺ ናት፣ የቆየች ደንበኛዬ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ዓርብ ገበያ እመጣለሁ አለች። ልጇ ሜሮን መውለጃዋ ደርሷል። ለአራስ ገንፎ የሚሆነውን ስንዴ ካንተ እንጂ ከሌላ አልወስድም አለች። «ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለውን ትቼ ወዴት ልዙር ብለህ ነው አያ ዘለቀ?»

«እሺ» አልኋት ለእሷም።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ልጻፍ። ጥሩሰው ስንዴውን ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ነበር ጎታ የምትከተው። ጤፉ በፍሬው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል። ገበያ ሲደርስ በወንፊት ትነፋዋለች፤ ጤፉ ይወርዳል፣ ስንዴው ላይ ይቀራል። እሷ ካረፈች በኋላ እኔም አንድ ቀን ደጅ ተቀምጬ ወንፊት ያዝሁ። ጎረቤቶቼ በአጥር አሻግረው አዩኝ። «አያ ዘለቀ፣ ሊጡንስ ማን ሊያቦካልህ ነው?» አለችኝ ብርቄ። ሌሎቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ ግን ወንፊቱን ይዤ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

ለዚያች ሳቅ ብዬ ነው ኪኒን የገዛሁ።

እዚህ አርብ ገበያ ከተማ አልገዛሁትም፤ ሰው ያውቀኛል። እህቴን ልጠይቅ መካነ ኢየሱስ በሄድሁበት፣ ማንም የዘለቀን ስም በማያውቅበት፣ ከአንድ አዟሪ ገዛሁት። በጨርቅ ቋጥሬ ጎታው ውስጥ ጣልሁና አፉን በጭቃ መረግሁት። በመጀመሪያው ዓመት ድመቴ ከጎታው ሥር ሞታ አገኘኋት። ለሰው «እባብ ነድፏት ነው» አልሁ።

ማዳበሪያ ግን አልነካሁም። ይህ እውነት ነው። የበረት ፍግ ነው መሬቴን የያዘልኝ። ሰውም የሚጠይቀኝ «ማዳበሪያ አለው ወይ?» እያለ ነው። «የለውም» እላለሁ። በዚህ በዚህ ራሴን እውነተኛ አድርጌ ኖርሁ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዝናብ። በሬዎቹ ከበረት አልወጡም።

ሰዎች ለምን ከኔ እንደሚገዙ ሳስብ ዋልሁ። ለርካሽነቱ አይደለም፤ እኔ ከሌላው አስወድጄ ነው የምሸጥ። ሲሉ የሰማሁትን ልጻፍ።

መምህሩ፦ የሱቅ ዱቄት ሆዴን ይነፋኛል፣ ያንተ ይስማማኛል።

ከደብረ ታቦር የሚመጣው ሾፌር፦ ዳቦው ሲጋገር እናቴ ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

ሁለት የባንክ ሠራተኞች፦ የአገሩን ገበሬ ትተን ከባሕር ማዶ ለመጣ ስንዴ ለምን እንከፍላለን።

አንዲት ወጣት፣ ስልኳን እያሳየችኝ፦ ኦርጋኒክ ነው አይደል? ቃሉን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ያለ ኬሚካል ማለት ነው አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አሁን ሳስበው ያ መነቅነቅ መሐላ ነበር።

እትዬ የሺ፦ ፋብሪካውን ሄጄ አላየሁት፤ ባለቤቱን አላውቀው። አንተን አውቅሃለሁ።

ከመምህሩ ሆድ በቀር ሌላው ሁሉ ስንዴው ውስጥ የለም። እኔ ላይ ነው ያለው። የሚገዙት ስንዴ ነው፤ የሚከፍሉት ግን ለእምነታቸው ነው።

ከሰዓት ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሄድሁ። ትዕግሥት ትባላለች፤ ልጅ ናት፣ ሰው አታጣድፍም።

«አንድ ጎረቤት አለኝ» አልኋት፤ «ጎታው ውስጥ የነቀዝ ኪኒን ያደርጋል። ጉዳት አለው እንዴ?»

«ጎታው የት ነው ያለው?»

«ጓዳ።»

«ጎረቤትዎስ የት ነው የሚተኛ?»

«እዚያው፣ ከጓዳው ማዶ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አያ ዘለቀ፣ ለጎረቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሩት። ኪኒኑ ጋዝ ነው የሚሆን። ሰው በሚተኛበት ቤት አይደረግም፤ ቤተሰብ እንደተኛ የቀረበት አለ።»

«ስንዴውስ? ይበላል?»

«ልኩ ተጠብቆ፣ ጊዜው ሞልቶ፣ በደንብ ከተናፈሰ ይበላል። የኪኒኑ ዱቄት ግን ከእህሉ መቀላቀል የለበትም። ጎረቤትዎ እንዲህ ነው የሚያደርግ?»

«እንጃ። አይመስለኝም።»

አየር የማያስገባ ከረጢት እንዳለ ነገረችኝ፤ ነቀዙን ያለ ኪኒን አፍኖ ይገድላል አለች። ስወጣ ደግሞ፣ «ጎረቤትዎ ከመጣ አሳየዋለሁ። እሱ ካፈረ እርስዎ ይምጡ» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነበር።

መንገዱን ሁሉ «ይበላል» የምትለዋን ቃል ይዤ መጣሁ። ይበላል አለች። ዓርብ በደንብ አናፍሼ እሸጣለሁ፤ ማንም አይጎዳም፤ ነገሩ አለቀ። ቀለል አለኝ፤ በሬዎቹን እያፏጨሁ አጠጣሁ።

ቀጥሎ ሁለት ነገር መጣብኝ። አንደኛ፣ እኔ ልኩን ጠብቄ አላውቅም፤ በግምት ነው። ጨርቁ ተፈትቶ ዱቄቱ ስንዴው ላይ ተበትኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፤ በእጄ ጠራርጌ ዝም አልሁ። ሁለተኛ፣ ነገሩ የማያሳፍር ከሆነ ጎረቤት ለምን ፈጠርሁ?

ዛሬ በረት ነው የምተኛ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ሌላ ውሸት ጨመርሁ። ያውም በጾም።

ጠዋት ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት ከቤተ ልሔም ዲያቆኑ ስልቻ ይዞ መጣ። መገበሪያውን ስጠኝ አለ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው፤ «ስንዴው ነቅዟል፤ ለቤተ ልሔም አይሆንም፤ ከሌላ ፈልጉ።» ዲያቆኑ አዝኖልኝ ሄደ። ብልህ የሆንሁ መሰለኝ። ቤተ መቅደሱንም አዳንሁ፣ ስሜንም አዳንሁ ብዬ።

ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ትርፌ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። እማሆይ የቤተ ልሔሙን ስንዴ የሚያስለቅሙ መነኩሲት ናቸው። ሰፌድ ሰፌዳቸውን ይዘዋል።

«ነቀዘ ብለህ ታዝናለህ አሉ» አሉኝ። «ነቅዞ እንደሆነ ይለቀማል። እኛ ምን ሥራ አለን? ለእመቤታችን ነው።»

አይሆንም ብል ምን ብዬ? እቀድማቸው ብዬ ጓዳ ገባሁ፤ ጭቃውን አፈረስሁ፤ እጄን ሰድጄ ጨርቁን አወጣሁና በጓሮ በር ሮጬ ከበረቱ ኋላ ቀበርሁት። እጄን በሳሙና ታጠብሁ፣ ደግሜ ታጠብሁ። ስመለስ እማሆይ ጎታው አጠገብ ቆመዋል።

«ነጭ ሽንኩርት ነው እንዴ እዚህ የምታስቀምጥ?»

«አዎ» አልሁ። የኪኒኑ ሽታ እንዲያ ነው።

ስንዴውን ወደ ደጅ አወጣሁላቸው፤ ንፋስ ያገኘዋል ብዬ እኔው ነኝ ደጅ ይሁን ያልሁ። ተቀምጠው መልቀም ጀመሩ። አንድ ሰፌድ አለቀ። ሁለተኛ ሰፌድ። ከዚያ እማሆይ ሰፌዳቸውን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉ።

«ነቀዙ የታለ?»

«የታለ?» አለች ሌላዋም። «በነሐሴ! የእኔ ጎታ ጆሮ ቢያስጠጉት እንደ ወፍጮ ይንቋቋል።»

«አንድ ቀዳዳ ፍሬ እንኳ የለውም።»

«ታዲያ ነቅዟል ያለው ለምንድን ነው?»

እማሆይ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ትሑት ነው» አሉ። «ስንዴዬ ለቁርባን አይበቃም ሲል ነው። የመገበሪያ ስንዴ ነው፤ ነቀዙ መች ይደፍረዋል።» አማተቡ። ሌሎቹም አማተቡ።

እኔም አማተብሁ። ምን ላድርግ?

ቅዳሜ ታጥቦ ይፈጫል፣ እስከዚያ አንተው ዘንድ ይቆይ ብለው ሄዱ። በአጥሩ ሲያልፉ ለብርቄ ሲነግሯት ሰማሁ።

ውሸቴ ተአምር ወለደ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ ሲደርስ ሰምቼ አላውቅም። ቢደርስበትም አይናገረው ይሆናል፣ እንደ እኔ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

በጠዋት ብርቄ። ቁና ሳይሆን መሐረብ ይዛ መጣች።

«አያ ዘለቀ፣ እፍኝ ስንዴ ስጠኝ።»

«ለምንሽ?»

«ጎታዬ ላይ ልበትነው። ለበረከት። ነቀዙ ይወጣልኝ እንደሆን።»

ብርቄ ዓርብ ዓርብ ገበያ ከጎኔ ነው የምትሸጥ፤ ስትቀልድ እንጂ ስትለምን አይቻት አላውቅም። ዛሬ አልቀለደችም። መሐረቡን ዘርግታ ቆመች።

«አልሰጥሽም» አልሁ።

«እፍኝ?»

«ብርቄ፣ አይሆንም። አትጠይቂኝ።»

መሐረቧን አጠፈች። «ቅድስናው ስስት ነው እንዴ ያስተማረህ» ብላኝ ሄደች። ትክክል ናት፤ ምንም አልነገርኋት፣ ምን ትበል?

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልሁም። ቅዳሴው ሲያልቅ አባ ጥዑምን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ለብቻቸው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። ወንፊቱን፣ ኪኒኑን፣ ድመቷን፣ በየዓመቱ ለቤተ ልሔም የሰጠሁትን፣ ሽንኩርት ያልሁትን። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርሁ። ስጨርስ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ አልተነሡም።

«የእኔም ቤት ኪኒን አለ» አሉ በመጨረሻ። «የልጆቼ እናት ነች የምታደርግ። ነቀዝ ማንንም አይምር። መገበሪያውን ካንተ ያልነውስ አንተ ኪኒን አታውቅም ብለን ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለቤተ ልሔሙ ከአፋፉ ሰፈር አስመጣለሁ፤ ስንዴያቸውን ያለ ኪኒን፣ በአመድ ያቆዩ አሉ። ለእማሆይ ግን እኔ አልነግራቸውም። አንተ ትነግራቸዋለህ።»

«እሺ አባቴ። ቀኖናዬስ?»

«ስግደት ልስጥህ? ስግደትማ ትወዳለህ፤ ሳዝህም ደስ ብሎህ ነው የምትሰግድ።» እንደ መሳቅ አሉ። «ለእኔ ነገርኸኝ፤ እኔ ግን ስንዴህን ገዝቼህ አላውቅም። ቀኖናህ ነገ ገበያ ነው።»

እማሆይን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። «ትሑት ነው አልሁ እኮ» አሉ። «ለሰው ሁሉ አወራሁ። በማርያም ጾም አስዋሸኸኝ።»  ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ ጎጇቸው ሄዱ፣ ሳይባርኩኝ።

የነገው ከዚህ ይከፋል። እማሆይ መነኩሲት ናቸው፤ እትዬ የሺ ግን የምትወልድ ልጅ አለቻት። ባለፈው ዓመትም ከዚሁ ጎታ ሰፍሬላታለሁ።

ያሰብሁትን ሁሉ ልጻፍ፦ ልታመም እችላለሁ። ስልክ ላጠፋ እችላለሁ። «ስንዴው አልቋል» ልላት እችላለሁ። ሦስተኛው ጥሩ ይመስላል፤ ማንንም አይጎዳም። እሷ ግን ከርሞ ትመጣለች፣ እኔም ከርሞ ያው ነኝ።

አቤቱ፣ አፌን አንተ ያዝልኝ። ወይም ክፈትልኝ። የቱን እንደምለምን አላወቅሁም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ስንዴውን አህያ ላይ ጭኜ ሄድሁ። ባዶ እጄን ብሄድ «አልቋል» ማለቴ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ገበያው ጭቃ ነው፤ ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ይዟል። ብርቄ ከጎኔ ባቄላዋን ዘርግታለች፤ ሰላም አላለችኝም።

መምህሩ መጣ። «ዛሬ አልሸጥም» አልሁት። «ታዲያ ለጌጥ ነው ያመጣኸው?» አለኝ። ሳቀና ሄደ። እሱንም መንገር ነበረብኝ። አልነገርሁትም። ለሰኞ ይደር አልሁ፤ ቤቱን አውቀዋለሁ።

እትዬ የሺ አርፍዳ ደረሰች፤ ሚኒባሱ ጭቃ ይዞት ነው። አንዲት ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ እጇን ስንዴው ውስጥ ከተተች፣ አሸተተች።

«አየሽ?» አለቻት ጓደኛዋን። «ይህ ነው ስንዴ ማለት። ማዳበሪያ አያውቅ። ስፈርልኝ አያ ዘለቀ።»

«አልሰፍርልሽም።»

«ምነው? ዋጋ ጨመረ?»

«እትዬ የሺ፣ ኪኒን አለበት። ጎታ ውስጥ። የነቀዝ ኪኒን አድርጌበታለሁ።»

እጇን ከስንዴው አወጣች። ቀስ ብላ ነው ያወጣችው።

«ቀልድ ነው?»

«አይደለም። ዘንድሮም፣ አምናም፣ ካቻምናም። ማዳበሪያ የለውም ያልሁሽ እውነት ነው። ይህን ግን ደበቅሁሽ።»

ብርቄ ዞር አለች። አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር። «ለዚህ ነው እንዴ እፍኙን የከለከልኸኝ?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁ። «ወይ አንተ ሰውዬ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዝም ብለህስ ብትሸጥ ማን ያውቅብህ ነበር? ገበያውን ሁሉ ልታሳጣን ነው?»

የየሺ ጓደኛ «የሁሉም ያው ነው የሺዬ፣ እንዲያውም ይሄኛው ነገረሽ፣ አናፍሰሽ ብትወስጂው» አለች። የሺ አልሰማቻትም። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ሜሮን። አያ ዘለቀ ሊያነጋግርሽ ነው» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። «የምትበላው እሷ ነች። ለእሷ ንገራት።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ለየሺ መንገር ነበር ያጠናሁት። ስልኩን ያዝሁ።

«ጋሼ ዘለቀ?» አለች ልጅቱ። ድምጿ ደስ ያለው ነው። «እማዬ ስለርስዎ ሁሌ ነው የምታወራኝ።»

«ልጄ» አልሁ።  ደግሜ «ልጄ፣ የስንዴውን ነገር ነው። ነቀዝ እንዳይበላው ኪኒን አደርግበት ነበር። ለእናትሽ አልነገርኋትም።»

«የምን ኪኒን?»

ነገርኋት። ስሙን የማውቀውን ያህል፣ ከማን እንደገዛሁት፣ እንዴት እንዳደረግሁት።

«አምና የላኩትስ?»

«እሱም።»

 ከኋላዋ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«እኔ እኮ» አለች፣ «መሥሪያ ቤት ዳቦውን ይዤ እየሄድሁ ኦርጋኒክ ነው እያልሁ ነበር የማበላቸው።» ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። «በልኩ ነው ያደረጉበት?»

«አይደለም። በግምት ነው።» ይህን ብዬ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ። «የግብርና ባለሙያዋ በትክክል ከተሠራ ይበላል ብላኛለች። እኔ ግን በትክክል አልሠራሁትም። ቤትሽ የተረፈ ካለ አትብዪው። ለምትከታተልሽ ሐኪም ደግሞ ይህንኑ ንገሪያት፤ ምንም አትደብቂ። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

«ለምን አሁን ነገሩኝ?»

«አራስ ልትሆኚ ነው።» አልኋት።

«እሺ» አለች። «ለእማዬ ይስጧት።»

የሺ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብዙ ሰማች። ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም። «እሺ» አለች፤ ደግማ «እሺ ልጄ» ብላ ዘጋችው። ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። ባዶ ጆንያዋን አጣጠፈች፤ ብብቷ ሥር አደረገች፤ ጓደኛዋን በክንዷ ይዛ በጭቃው ውስጥ ሄደች። ደህና ዋል አላለችኝም። ክፉም አልተናገረችኝ።

ስንዴውን መልሼ ጭኜ መጣሁ። ቤት አላስገባሁትም፤ ከበረቱ ጎን ላስቲክ አልብሼ አስቀምጨዋለሁ፣ ሰኞ ትዕግሥትን ምን ላድርገው ብዬ እጠይቃታለሁ። ጎረቤት የለኝም እላታለሁ። መምህሩ ቀርቶኛል፣ ሾፌሩ ቀርቶኛል፣ የባንኮቹ ልጆች። አንድ በአንድ ነው።

ከርሞ ማን ከኔ ይገዛ እንደሆነ አላውቅም። ሜሮንም ምን እንዳሰበች አላውቅም። የሚሆነውን እግዜር ያውቃል፤ እኔ ግን ለምትበላው ልጅ በራሴ አፍ ነግሬያታለሁ።